ሞት ሠራተኛ ሲቀጥር፦ የ«ሞርት» አንባቢዎች ለምን አይስማሙም?

እንግሊዛዊው ደራሲ ቴሪ ፕራቼት «ሞርት» የተባለውን ልቦለድ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ2003 የብሪታንያን ሕዝብ ተወዳጅ ልቦለዶች በድምፅ ሲያስመርጥ መጽሐፉ 65ኛ ወጣ። ከፕራቼት መጻሕፍት መካከል ከሱ የበለጠ ደረጃ ያገኘ አልነበረም። ይህን ያህል ተወድዶም አንባቢዎቹ ስለሱ ሲያወሩ አይግባቡም። አንዱ ፕራቼትን ለማያውቅ ሰው መጀመሪያ መሰጠት ያለበት ይህ ነው ብሎ ይሟገታል። ሌላው መጨረሻው ተጣድፎ የተዘጋ ነው ብሎ ያዝንበታል። ሐዘን ላይ ሳለ አንብቦት የተጽናና አለ፤ ቀልዱ በዝቶበት ግማሽ ላይ የተወውም አለ።

እነዚህ አስተያየቶች እርስ በርሳቸው የሚጣሉ ይመስላሉ እንጂ አብዛኞቹ ትክክል ናቸው። መጽሐፉ ሁለት ባለታሪክ አለው። አንባቢው ሳይታወቀው ከሁለቱ አንዱን ይከተላል፣ ፍርዱም በተከተለው ሰው ይወሰናል። ልጁን ሞርትን ይዞ ያነበበ ቅር የሚሰኝበት ነገር አያጣም። ራሱን ሞትን ይዞ ያነበበ ግን መጽሐፉን ዘወትር ያነሳዋል። ይህን ያወቀ ሰው የሌሎችን አስተያየት ሲሰማ ለራሱ የሚጠቅመውን መለየት አይከብደውም።

ከመቀጠላችን በፊት ሁለት ማሳሰቢያ። በዚህ ጽሑፍ «ሞት» ስንል ገጸ ባሕርዩን፣ «ሞርት» ስንል ልጁን ነው፤ በፊደል ስለሚቀራረቡ ልብ ይበሉ። ደግሞም ክርክሩን ለማስረዳት የታሪኩን መጨረሻ መናገር ግድ ይሆናል። ሳይነገርዎ ማንበብ ከፈለጉ «ከየት ይጀመር?» ወደሚለው የመጨረሻ ክፍል ይለፉ።

ታሪኩ በአጭሩ

ታሪኩ የሚካሄድባት ዲስክወርልድ ጠፍጣፋ ዓለም ናት። አራት ዝሆኖች ተሸክመዋታል፤ ዝሆኖቹ ደግሞ በጠፈር ውስጥ በምትዋኝ ግዙፍ ኤሊ ጀርባ ላይ ቆመዋል። ፕራቼት በዚህች ዓለም ላይ 41 ልቦለዶች ጽፏል። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1983 ወጣ፣ የመጨረሻው ደራሲው ካረፈ በኋላ በ2015 ታተመ። «ሞርት» አራተኛው ነው።

ሞርት የገበሬ ልጅ ነው። ቁመቱ የረዘመ፣ እጅና እግሩ የማይታዘዙለት፣ ጥያቄ የሚያበዛ ጎረምሳ። ለእርሻ እንደማይሆን የተረዳው አባቱ ሙያ እንዲይዝ ብሎ ወደ ቅጥር ገበያ ይወስደዋል። ይህን ገበያ ደራሲው ከምናቡ አላመጣውም፤ በእንግሊዝ ገጠር ሥራ ፈላጊዎች በዓመት አንድ ጊዜ አደባባይ ቆመው ቀጣሪ የሚጠብቁበት የቆየ ልማድ ነበር። ሌሎቹ ልጆች ሁሉ ጌታ አግኝተው ሲሄዱ ሞርት ብቻውን ይቀራል። እኩለ ሌሊት ሲደወል ነጭ ፈረስ የተቀመጠ እንግዳ ይመጣና ይቀጥረዋል። እንግዳው ሞት ነው፦ ጥቁር ካባ የለበሰ ረጅም አጽም፣ በዓይኖቹ ጉድጓድ ውስጥ ሰማያዊ ብርሃን የሚታይ።

ፈረሱ ቢንኪ ይባላል፤ ሥጋ ለባሽ እውነተኛ ፈረስ ነው። ሞት ቀደም ሲል የአጽም ፈረስ ሞክሮ ነበር፣ እየቆመ የወደቀውን አጥንት መልሶ መግጠም ግን አሰለቸው። የእሳት ፈረስም ሞክሯል፤ እሱ ደግሞ ጋጣውን አቃጠለበት። የዚህ ገጸ ባሕርይ አሠራር በዚህች ትንሽ ነገር ይታያል። ፕራቼት የጥንቱን አስፈሪ ሥዕል እንዳለ ይወስድና «ይህ በየዕለቱ እንዴት ይሠራል?» ብሎ ይጠይቃል። ሳቁ የሚመጣው ከመልሱ ነው።

ሞት በዚህ ዓለም አይገድልም። እያንዳንዱ ሰው ስሙ የተጻፈበት የአሸዋ ሰዓት አለው፤ አሸዋው ሲያልቅ ሞት ተገኝቶ ነፍስንና ሥጋን ያያያዘውን ክር ይቆርጣል። ለተራው ሰው ማጭድ፣ ለንጉሣውያን ሰይፍ ይይዛል። አይፈርድም፣ አይምርም፣ አይቆጣም። ከሞት በኋላ የሚሆነውን ሲጠይቁት የየሰው እምነት የሚወስነው ጉዳይ እንደሆነ ይናገራል።

ልጁን መጀመሪያ የሚያሠራው ጋጣ ማጽዳት ነው። ኋላ ይህን ሥራ ለምን የሰጠው እንደሚመስለው ሲጠይቀው፣ ሞርት ጥበብና ትምህርት ሳይፈልግበት፣ ጋጣው በፋንድያ ስለተሞላ ይመስለኛል ብሎ ይመልሳል። ሞት መልሱን ይወደዋል። ቆይቶ ግን ለራሱ አንድ ሌሊት ዕረፍት ይወስድና ሥራውን ለልጁ ይተዋል። የዚያን ሌሊት ተረኞች ሦስት ናቸው፦ አንዲት አሮጊት ጠንቋይ፣ አንድ የገዳም አበምኔት፣ እና ኬሊ የምትባል የስቶ ላት ከተማ ልዕልት። ሁለቱን እንደምንም ይወጣቸዋል። ልዕልቷ ላይ ሲደርስ ግን እጁ አልታዘዝ ይለዋል፤ ሊገድላት የተላከው ሰው ይሞታል፣ እሷ ትተርፋለች።

ልዕልቷን ማዳን ለምን ጥፋት ሆነ?

ብዙ አንባቢ ግራ የሚጋባው እዚህ ላይ ነው። አንዳንዶች ነገሩን በጊዜ ውስጥ እንደመጓዝ አድርገው ያዩትና ስሌቱ አልገጥም ይላቸዋል። የመጽሐፉ ሕግ ሌላ ነው። ታሪክ የራሱ መንገድ አለው፤ በዚያ መንገድ ኬሊ ሞታለች። ሞርት ያዳናት ሰውነቷን ነው፤ የታሪክን አካሄድ አልለወጠውም። ስለዚህ እሷ በሕይወት ትቀመጣለች፣ ዓለሙ ግን እንደሞተች ቆጥሮ ይቀጥላል።

ይህ በተግባር ምን እንደሚመስል የሚያሳዩት የቤተ መንግሥቱ ገጾች ከመጽሐፉ ምርጥ ክፍሎች መካከል ናቸው። አሽከሮቿ ፊት ለፊት ቆማ ታዛቸዋለች፤ ይሰማሉ፣ ይታዘዛሉ፣ ወዲያው ይረሷታል። ሰዎች ለምን እንደሆነ ሳያውቁ ሐዘን ሐዘን ይላቸዋል። በመጨረሻ ከትዌል የሚባል ወጣት አስማተኛ ትቀጥራለች። የሥራ ድርሻው ልዕልቷ በሕይወት መኖሯን ለሰው ማስታወስ ነው። ቀልድ ነው፣ ግን ሐዘን የደረሰበት ሰው የሚያውቀው ነገር ተገልብጦ ተቀምጦበታል። ሐዘንተኛው የሞተው ሰው ያለ እየመሰለው ይቸገራል፤ እዚህ ደግሞ ያለችው ሰው የሞተች እየመሰለች ዓለሙ ይቸገራል።

ከከተማዋ ውጪ ደግሞ እውነተኛው ታሪክ ሁለቱን እውነታ የሚለይ ግድግዳ ሆኖ እየተጠጋ ይመጣል። ግድግዳው ኬሊን መሐል አድርጎ እንደ ጉልላት የከበበ ነው፤ በእርምጃ ፍጥነት እየጠበበ ይሄዳል። ሲደርስባት እሷም የዳነችበትም እውነታ ይጠፋሉ። የመጽሐፉ ሁለተኛ ግማሽ የሚሮጠው በዚህ ሰዓት ነው። ፍጥነቱን ካልያዙ ሞርት ለምን እንደሚጣደፍ አይገባም፤ «ሴራው ልል ነው» የሚሉ አስተያየቶች ብዙ ጊዜ የሚመጡት ይህን ካለፈ አንባቢ ነው።

ከዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር ይታከላል። ልዕልቷን ሊያስገድል ሰው የላከው የስቶ ሄሊት ዱክ (መስፍን) ክፉ ሰው ነው። ነገር ግን በታሪክ መንገድ ላይ ሥልጣን ቢይዝ የተከፋፈሉትን ከተሞች አንድ አድርጎ ረጅም ሰላም ያመጣ ነበር። ስለዚህ ሞርት ያደረገው ንጹሕ በጎ ሥራ አይደለም። አንዲት ልጅ አድኖ ገና ያልተወለዱ ሰዎችን ሰላም አደጋ ላይ ጥሏል። ፕራቼት ይህን በጥቂት ዐረፍተ ነገሮች ያልፈዋል፣ እያስረዳ አይቆምም። በፍጥነት የሚያነብ ሰው ጥሩው ልጅ ከክፉው ዱክ ጋር የተጋጠመበት ተራ ተረት አድርጎ ያነበዋል፣ ከዚያም መጽሐፉ ጥልቀት ጎደለው ይላል። ጥልቀቱ አለ፤ ድምፁ ዝቅ ያለ ስለሆነ ነው የማይሰማው።

በተቃራኒ የሚጓዙ ሁለት ሰዎች

ሥራው ሞርትን ይለውጠዋል። በግድግዳ ማለፍ ይጀምራል። ግድግዳው ስለሳሳ ሳይሆን እሱ ከግድግዳው የበለጠ እውን እየሆነ ስለሄደ ነው። ድምፁ ይከብዳል፣ ሲቆጣ የሞትን አነጋገር ይናገራል። ሞት በበኩሉ የሰውን ደስታ ሊቀምስ ወጥቷል። ዓሣ ያጠምዳል፣ መጠጥ ቤት ገብቶ ጠርሙሶቹን በተራ ይጨርሳል፣ ግብዣ ላይ ተሰልፎ ይጨፍርና የዚህ ደስታው ምኑ ላይ እንደሆነ አጠገቡ ያለውን ሰው ይጠይቃል።

ከዚያ ወደ ሥራ አገናኝ ቢሮ ይሄዳል። ይህ ገጽ ቀስ ተብሎ ሊታይ ይገባዋል፤ አስቂኝነቱ የተሠራበት መንገድ ወለል ብሎ ይታያልና። አገናኙ የሥራ ልምዱን ይጠይቃል። ሞት ነፍሳትን ወደሚቀጥለው ዓለም ሲሸኝ እንደኖረና የተስፋ ሁሉ መቃብር እንደነበረ በሐቅ ይዘረዝራል። አገናኙ ደግሞ፣ እሺ፣ የተለየ ችሎታስ አለህ ወይ ይላል። ሞት አስቦ የእርሻ መሣሪያ አያያዝ ላይ የተወሰነ ልምድ እንዳለው ይናገራል። ሁለቱም አይቀልዱም። አንዱ እውነቱን ይናገራል፣ ሌላው ቅጹን ይሞላል። ሞት መዋሸትም ማሽሟጠጥም አያውቅበትም፤ የሚነገረውን ቃል በቃል ይወስዳል። የፕራቼት ቀልድ አይገባኝም የሚል ሰው ይህን ገጽ ጮክ ብሎ ቢያነበው ይጠቀማል፤ ከገባው ሌላውም ይገባዋል፣ ካላሳቀው መጽሐፉ ለሱ አይሆንም ማለት ነው።

በመጨረሻ አንክ ሞርፖርክ በምትባለው ከተማ በአንድ ምግብ ቤት ውስጥ ጠባሽ ሆኖ ይቀጠራል። ደንበኛው ምን እንደሚፈልግ ሳይነገረው ያውቃል፣ በትርፍ ሰዓቱ ድመት ያበላል፣ ደስም ይለዋል። ለዘመናት የኖረ ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ አለው።

የአንባቢዎች መከፋፈል ከዚህ ይነሳል። የሞት ጉዞ ሙሉ ነው፤ ይነሳል፣ ይለወጣል፣ ተለውጦ ይመለሳል። የሞርት ጉዞ ግን መሐሉ ላይ ክፍተት አለው፤ ክፍተቱም ፍቅሩ ነው። የሞት የማደጎ ልጅ ኢዛቤል ጊዜ በማይቆጠርበት ቤት ስለምትኖር ለ35 ዓመት 16 ዓመቷ ነው። ከሞርት ጋር ሲገናኙ ይሰዳደባሉ፣ ይናናቃሉ። የሰዎች ሕይወት ራሱን እየጻፈ በሚቀመጥበት ቤተ መጻሕፍት አብረው ጥቂት ይሠራሉ፣ ከዚያ ይዋደዳሉ፣ ከዚያ ይጋባሉ። ልቡ በኬሊ ተይዞ የነበረ ልጅ ወደ ኢዛቤል የዞረበት ቅጽበት የት እንዳለ መጽሐፉን ገልጦ ማሳየት ያስቸግራል። ይህን የሚነቅፉ አንባቢዎች ሙሉ በሙሉ ትክክል ናቸው። ፕራቼት በዚያን ጊዜ ወጣት ሴት ገጸ ባሕርያትን ገና በሚገባ አልጻፈም ነበር፤ ኬሊም ብትሆን በጀመረችው ጉልበት አልጨረሰችም። በኋለኞቹ መጻሕፍቱ ይህ ድካም ጨርሶ ተወግዷል።

ስለ መጨረሻው የሚደረገው ክርክር

ሞት ወደ ቤቱ ሲመለስ የተደረገውን ያውቃል። በአሸዋ ሰዓቶቹ መካከል ከሞርት ጋር ይጋጠማሉ፣ ሞርት ይሸነፋል፣ አሸዋውም ያልቃል። በዚያች ቅጽበት ሞት የልጁን የአሸዋ ሰዓት አንስቶ ይገለብጠዋል።

አንዱ ወገን ይህን ማጭበርበር ይለዋል። መጽሐፉ ሙሉ ሕጉ እንደማይታጠፍ ሲነገረን ቆይቶ በአንድ እጅ እንቅስቃሴ ታጠፈ ይላሉ። ሌላው ወገን የመጽሐፉ ዋና ነገር ይህ ነው ይላል። የሁለቱን ክርክር ለመመዘን አንድ የቆየ ተረት ማወቅ ይረዳል።

ወንድማማቾቹ ግሪም እ.ኤ.አ. በ1812 ማሳተም በጀመሩት የጀርመን ተረቶች ስብስብ ውስጥ፣ ሞት ክርስትና አባት የሆነበት ታሪክ አለ። አንድ ድኻ ለልጁ ክርስትና አባት ሲፈልግ ሀብታምና ድኻ የማይለየውን ሞትን ይመርጣል። ሞት የክርስትና ልጁን ሐኪም ያደርገዋል፣ ማን እንደሚድንና ማን እንደሚሞት ምልክት ይሰጠዋል፣ እንዳያታልለውም ያስጠነቅቀዋል። ሐኪሙ መጀመሪያ ንጉሡን፣ ቀጥሎ የንጉሡን ሴት ልጅ አልጋቸውን አዙሮ ከሞት ያስመልጣል። ሞት ይዞት ወደ ዋሻ ይወርዳል፤ በዋሻው የሰው ሁሉ ዕድሜ ሻማ ሆኖ ይበራል። የሐኪሙ ሻማ ሊያልቅ ደርሷል። አዲስ አብራልኝ ብሎ ይለምናል። ሞት የሚያበራለት መስሎ ሆን ብሎ ይጥለዋል፣ ሐኪሙም ይሞታል።

«ሞርት»ን ከዚህ ጎን ሲያስቀምጡት መመሳሰሉ ግልጽ ነው፦ ሞት የተቀበለው ወጣት፣ የተማረው ሥራ፣ የዳነችው ልዕልት፣ የቅጣቱ ሰዓት። በሻማ ፋንታ አሸዋ አለ። ልዩነቱ የመጨረሻው እጅ ነው። የጥንቱ ሞት ሻማውን ጣለ፤ ይህኛው ሰዓቱን ገለበጠ። ለምን? የጥንቱ ሞት ምግብ ቤት አልሠራም፣ ድመት አላበላም። በእኔ እይታ መጨረሻው በሞት ጉዞ ውስጥ አንድ በአንድ ተዘጋጅቷል፣ በሞርት ጉዞ ውስጥ ግን አልተዘጋጀም። ሞርትን ይዞ የመጣ አንባቢ ከሰማይ የወረደ ምሕረት ይታየዋል። ሞትን ይዞ የመጣ ደግሞ ውሳኔው ሲበስል እያየ ነው የደረሰው። ሁለቱም ያዩትን በትክክል ነው የሚናገሩት።

«ዋጋ አልተከፈለም» የሚለው ነቀፌታ ግን ልክ አይመስለኝም። በሠርጉ ትዕይንት ላይ፣ በፈገግታ መሐል፣ ዱኩ ሊሠራው የነበረውን ከተሞችን የማዋሐድ ሥራ ሕያዋኑ ተረክበው መፈጸም እንዳለባቸው ይነገራል። ዕድሜያቸው በዕዳ የተያዘ ነው። ጥቂት መስመር ብቻ ስለሆነ ሊጨርስ የቸኮለ ሰው ያልፈዋል።

ቀልዱ የሚያስቸግረው ማንን ነው?

ፕራቼት ራሱ ከቀደሙት ሦስት የዲስክወርልድ መጻሕፍት ይልቅ በ«ሞርት» እንደረካ ተናግሯል። በቀደሙት ሴራው ቀልዱን ለመሸከም ብቻ የገባ ነበር፤ እዚህ ግን ሴራው የመጽሐፉ አካል ሆነ። ይህ ሆኖም ቀልዱ አሁንም ብዙ ነው። አንባቢን የሚያደናቅፉት ነገሮች የታወቁ ናቸው።

መጽሐፉ ምዕራፍ የለውም። በኪስ ዕትም ወደ 270 ገጽ ሲሆን የሚቆመው በክፍት መስመር ብቻ ነው። ምዕራፍ እስኪያልቅ ጠብቆ መጽሐፍ የሚዘጋ ሰው ድካም ይሰማዋል። መፍትሔው ትዕይንቱ ከሞርት ወደ ሞት ወይም ወደ ቤተ መንግሥቱ ሲሻገር ማቆም ነው፤ በተመለሱ ጊዜ የት እንደነበሩ አይጠፋዎትም።

የግርጌ ማስታወሻዎቹ የምሁር ማብራሪያ አይደሉም፤ የቀልዱ አካል ናቸው፣ ዐረፍተ ነገሩ የደረሰበት ቦታ ላይ እንዲነበቡ ተለክተው የገቡ። በኤሌክትሮኒክ ዕትም ወደ መጨረሻ ሲሰበሰቡ ብዙ ሰው ይዘላቸዋል፣ ከዚያ መጽሐፉ እንደተወራለት አላሳቀኝም ይላል። ምልክቱ ላይ ሲደርሱ እዚያው ይክፈቱት።

ከዚህ የሚከብደው የሥዕሉ ጉዳይ ነው። የአውሮፓ አንባቢ ካባ የለበሰውን ማጭድ ያዥ አጽም ከልጅነቱ ያውቀዋል። ከ1340ዎቹ መጨረሻ ታላቅ ወረርሽኝ በኋላ ሞት ጳጳሱንም ንጉሡንም ገበሬውንም እጃቸውን ይዞ ሲያስጨፍር የሚያሳዩ ሥዕሎች በየቤተ ክርስቲያኑና በየመቃብር ቦታው ግድግዳ ላይ ተስለዋል። እኛ ዘንድ ነፍስ የሚወስደው መልአከ ሞት ነው፣ ሙስሊሙም መለከል መውት ይለዋል፤ የአምላክ መልእክተኛ እንጂ አጽም አይደለም። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪ አንባቢ «ሞርት»ን ሲከፍት አንዱ የሳቅ ንብርብር ሊያመልጠው ይችላል። ደግሞ መልአኩ ላይ የተቀለደ መስሎት ሊከፋ ይችላል። ፕራቼት የያዘው ግን ያንን የአውሮፓ የግድግዳ ሥዕል ነው፤ መልአክ አይደለም። ይህን አስቀድሞ ማወቅ ንባቡን ያቀናዋል።

የሞት ድምፅና የእኛ ፊደል

በእንግሊዝኛው ሞት የሚናገረው ያለ ትእምርተ ጥቅስ፣ በትንንሽ ካፒታል ፊደላት ነው። አንባቢው ድምፁን በጆሮው የሚሰማው አይመስለውም፤ ቀጥታ አእምሮው ውስጥ የተቀመጠ ይመስለዋል። ይህ ጌጥ ሳይሆን የታሪክ መሣሪያ ነው። ሞርት መለወጡን ደራሲው ሳይናገር የሚያሳየን የልጁ ንግግር አልፎ አልፎ በእነዚያ ፊደላት ሲመጣ ነው።

የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። መጽሐፉን ወደ አማርኛ ሊመልስ የሚነሳ ሰው ከመጀመሪያው ገጽ በፊት ይህን መወሰን አለበት። ደማቅ ፊደል ይቻላል፣ ነገር ግን ደማቅ ጩኸት ይመስላል፣ ሞት ደግሞ አይጮኽም። ፊደላቱን አራርቆ ማተም ዐይን ያደክማል። ንግግሩን ወደ ግእዝ አስጠግቶ መጻፍ ክብደት ይሰጠዋል፤ ግን ቄስ ያስመስለዋል፣ ከምግብ ቤቱ ትዕይንትም ጋር አይሄድም። ለእኔ የሚሻለው ጥቅስ ምልክቱን ማንሳትና ለሱ ብቻ የተለየ የፊደል ቅርጽ መስጠት ነው፤ ያ ቅርጽ በሌላ ቦታ ጨርሶ አለመግባት አለበት። አለዚያ ሞርት በዚያ ቅርጽ ሲናገር አንባቢው አይደነግጥም። በድምፅ ቢቀረጽ ግን ችግሩ በራሱ ይፈታል።

ሐዘንተኞች ለምን ይወዱታል?

ፕራቼት ሞትን በቅርቡ እንደሚያገኙት የሚያውቁ ሰዎች፣ እውነተኛው ሞት ገጸ ባሕርይህን ይምሰል ብለው ደብዳቤ እንደሚጽፉለት ተናግሯል። እንዲህ ያለው ደብዳቤ ሲደርሰው ለረጅም ጊዜ ግድግዳ ላይ አፍጥጦ ይቀር እንደነበር ጨምሮ ገልጿል። አስቂኝ መጽሐፍ ይህን ቦታ የያዘው ምክንያት አለው። ይህ ሞት ለማንም ጥላቻ የለውም። ሰውን ያስደንቀዋል እንጂ አይንቀውም። ለሚሞተው ሰው ጊዜ ይሰጣል፣ ጥያቄውን ይመልሳል፣ አይዋሽም። እ.ኤ.አ. በ1983ቱ የመጀመሪያ መጽሐፍ ውስጥ ግን እንዲህ አልነበረም፤ ተንኮል የሚቀናው ገጸ ባሕርይ ነበር። የተለወጠው ቀስ በቀስ ነው፤ ለሱ የተሰጠው የመጀመሪያ ሙሉ መጽሐፍም «ሞርት» ነው። ከ41ዱ ልቦለዶች ከሁለቱ በስተቀር በሁሉም ይገኛል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። ፕራቼት እ.ኤ.አ. በ2007 የአልዛይመር ዓይነት በሽታ እንደያዘው ይፋ አደረገ፤ በ2010 ስለ አሟሟት ምርጫ በቢቢሲ የተላለፈ ንግግር አዘጋጀ፣ በ2015 መጋቢት ወር አረፈ። ብዙ አዳዲስ አንባቢዎች ይህን ስለሚያውቁ «ሞርት»ን የታመመ ሰው ኑዛዜ አድርገው ያነቡታል። መጽሐፉ ሲወጣ ደራሲው የ39 ዓመት ጤነኛ ሰው ነበር፤ በዚያው ዓመት የኤሌክትሪክ ኃይል መሥሪያ ቤት የፕሬስ ኦፊሰርነቱን ትቶ ሙሉ ጊዜውን ለድርሰት ሰጠ። በመጽሐፉ ውስጥ ያለው ረጋ ያለ አመለካከት ከሕመም የመጣ አይደለም። ገና ሳይመጣበት አስቦ የደረሰበት ነው፣ ለዚህም ነው በኋላ ሲመጣበት ቃሉን ያልቀየረው።

አጽናኝነቱን ያልተቀበሉ አንባቢዎችም አሉ፤ ቃላቸው መሰማት አለበት። ልጅ የተቀጠፈበት ወይም ድንገተኛ ሞት የገጠመው ሰው ትሑትና ጨዋ ሞት ሲቀርብለት ውሸት ይመስለዋል። ሞርት ራሱም ይህን ነው የሚለው። ፍትሕ የት አለ ብሎ ይጠይቃል፣ የሚያገኘውም መልስ አያስደስተውም። እንዲህ ላለው ሐዘንተኛ መጽሐፉን በቅርብ ጊዜ ውስጥ አለመስጠት ይሻላል።

ከየት ይጀመር?

ዲስክወርልድን ለማያውቅ ሰው «ሞርት» ጥሩ መግቢያ ነው፤ የቀደሙትን ሦስቱን ማንበብ አያስፈልግም። ሰው ሁሉ በመጀመሪያው መጽሐፍ ካልጀመርኩ ብሎ ነው የሚሳሳተው። የመጀመሪያው በዘመኑ የነበሩ የጀብዱ መጻሕፍትን የሚያስመስል የቀልድ ስብስብ ስለሆነ እነሱን ያላነበበ ሰው ቶሎ ይሰለቻል፣ ወደ አራተኛው ሳይደርስም ያቆማል።

ሞትን ተከትለው ለሚሄዱ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ «ሞርት» በ1987፣ «ሪፐር ማን» በ1991፣ «ሶል ሚዩዚክ» በ1994፣ «ሆግፋዘር» በ1996፣ «ቲፍ ኦቭ ታይም» በ2001። «ሪፐር ማን» ውስጥ ሞት ከሥራው ተሰናብቶ በአንዲት አሮጊት እርሻ ላይ አጫጅ ሆኖ ይቀጠራል። የእርሻው ክፍል ከ«ሞርት» ይበልጣል የሚሉ ብዙ ናቸው፣ እኔም ከነሱ ጋር ነኝ። ነገር ግን በመጽሐፉ ውስጥ ከመቃብር የተነሳ አስማተኛና በራሳቸው የሚሽከረከሩ የገበያ ጋሪዎች ያሉበት ሌላ ሴራ አለ፤ የሁለቱ ቃና አይገጥምም። በሱ ጀምሮ የተወ ሰው ካጋጠመዎት ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

እንግሊዝኛው ለሚከብደው በድምፅ መስማት ይረዳል፣ ጽሑፉን ይዞ ቢሰማ ደግሞ ይበልጥ። ፔንግዊን ከ2022 ጀምሮ ባወጣው ቅጂ ሲያን ክሊፎርድ ታሪኩን ታነባለች፣ ፒተር ሴራፊኖዊች ሞትን ይናገራል፣ ቢል ናይ የግርጌ ማስታወሻዎቹን ያነባል። ሦስት ድምፅ መሆኑ ማን እየተናገረ እንደሆነ ወዲያው ያስለያል። ቀደም ሲል በቶኒ ሮቢንሰን የተነበቡ ቅጂዎችም አሉ፤ እነሱ ግን ተቆርጠው ያጠሩ ናቸው፣ ከተቆረጠው ውስጥ ብዙው ቀልድ ነው። ሲገዙ ሙሉ መሆኑን ያረጋግጡ።

አንድ ነገር ብቻ ይጠንቀቁ። «ሶል ሚዩዚክ»ን ከ«ሞርት» በፊት አይክፈቱ። የሞርትና የኢዛቤል ኋላ ዕጣ ምን እንደሆነ ገና በመጀመሪያዎቹ ገጾች ይናገራል።